ቅደም ተከተል ፍለጋ፦ የኬሚካል ዳታቤዝ ይሻላል ወይስ የዘረ መልና የፕሮቲን ዳታቤዝ?

ስለ ኢንሱሊን መረጃ መፈለግ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በመለያ ቁጥሮች ይከበባል። አንዱ ገጽ 9004-10-8 ይለዋል። ሌላው 11061-68-0 ይለዋል። ሦስተኛው ፒ01308፣ አራተኛው ደግሞ ኤንፒ_000198 ይላል። አራቱም ትክክል ናቸው። ችግሩ፣ አራቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አለመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው፣ ኢንሱሊን ከየትኛው ፍጥረት እንደመጣ ሳይለይ በጅምላ የሚጠራበት ቁጥር ነው። ሁለተኛው የሰው ኢንሱሊን ነው። አንዱ 21፣ ሌላው 30 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት ሰንሰለቶች አሉት፤ ሲደመር 51። ሦስተኛውና አራተኛው ግን 110 አሚኖ አሲድ ያለው፣ ገና ያልተቆራረጠ ፕሮቲን ነው። ሴል መጀመሪያ የሚሠራው እሱን ነው። ከዚያ ከፊት ያሉት 24 አሚኖ አሲዶች ይቆረጣሉ። መሃል ያለው ክፍልም ይወጣል። የሚቀረው ኢንሱሊን ይሆናል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ቅደም ተከተል፣ ማለትም አሚኖ አሲዶቹ በፊደል የተጻፉበትን ተራ፣ እየፈለገ የሦስተኛውን ገጽ ፊደል እንዳለ የገለበጠ ሰው፣ ከሚፈልገው በእጥፍ የሚረዝም ሌላ ሞለኪውል ይዞ ሄዷል።

የፕሮቲን፣ የፔፕታይድ፣ የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ቅደም ተከተል የሚፈልግ ሰው ብዙ ምርጫ አለው። የሚከፈልበት አለ፣ ነፃ አለ። ኬሚስቶች ያቋቋሙት አለ፣ ባዮሎጂስቶች ያቋቋሙት አለ። የቱን ልጠቀም ለሚል ሰው አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ የሚፈልጉት ነገር ማንነቱ ያለው በፊደሎቹ ላይ ነው ወይስ በአተሞቹ ላይ? ይህን ለይቶ የጀመረ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ሁለት ዓይነት መዝገብ

የኬሚካል ዳታቤዝ የሚመዘግበው ንጥረ ነገርን ነው። አንድ ንጥረ ነገር አንድ ቁጥር ያገኛል። ቅደም ተከተሉ፣ ልክ እንደ ክብደቱና እንደ ቀመሩ፣ ከመገለጫዎቹ አንዱ ነው። የቅደም ተከተል ዳታቤዝ ግን የሚመዘግበው ንባብን ነው። አንድ ቤተ ሙከራ ከአንድ ፍጥረት አንብቦ ያስገባው የፊደል ሰንሰለት አንድ መዝገብ ይሆናል። ያንኑ ዘረ መል ሌላ ቤተ ሙከራ አንብቦ ቢያስገባ ሁለተኛ መዝገብ ይከፈታል። ጂንባንክ በሚባለው የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ዳታቤዝ ውስጥ ለአንድ ዘረ መል በርካታ ቁጥር ሲያዩ ስህተት አይምሰልዎ። ሥርዓቱ እንዲያ ነው።

ልዩነቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር አካል የሆነው ካስ የንጥረ ነገሮች መዝገቡን ጀመረ። በዚያው ዓመት ማርጋሬት ዴይሆፍና ባልደረቦቿ እስከዚያ የታወቁትን የፕሮቲን ቅደም ተከተሎች ሰብስበው በአንድ ጥራዝ አሳተሙ። ስብስቡ 65 ፕሮቲኖች ብቻ ነበሩት። አንዱ መስመር ከኬሚስቶች፣ ሌላው ከባዮሎጂስቶች ተነሣ። ዛሬ በመካከላቸው ብዙ ማገናኛ ተሠርቷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተዋሃዱም። ፈላጊውን የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

ካስ፦ ሰፊው፣ ግን የሚከፈልበት

የካስ መዝገብ ከ200 ሚሊዮን በላይ ንጥረ ነገሮች አሉት። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የፕሮቲንና የኑክሊክ አሲድ ቅደም ተከተሎችም ይዟል። ምንጩ በዋናነት የምርምር መጽሔቶችና ፓተንቶች ናቸው። ትልቁ ጥቅሙም ከዚህ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ካገኙ በኋላ ወደተጠቀሰባቸው ጽሑፎችና ፓተንቶች በቀጥታ ይወስድዎታል። ሞለኪውሉ በኬሚካል የተቀየረ ቢሆንም ቅየራው አብሮ ይመዘገባል።

መግቢያው ሁለት ነው። ሳይፋይንደር ለተመራማሪ የተሠራ ነው። ፊደሉን ለጥፈው፣ ብላስት በሚባለው ቅደም ተከተሎችን የሚያመሳክር ፕሮግራም ተመሳሳዩን ይፈልጋሉ። አጭር ንድፍ ሰጥተው ያንን ንድፍ የያዙትን መፈለግም ይቻላል። ለፀረ እንግዳ አካል ደግሞ፣ ዒላማውን የሚይዙትን ትናንሽ ክፍሎች ብቻ ለይቶ የሚፈልግበት መንገድ አለው። ኤስቲኤን ለመረጃ ባለሙያ የተሠራ ነው፤ በትዕዛዝ ይሠራል፣ ልምምድ ይጠይቃል። በኤስቲኤን ሦስት ዓይነት ፍለጋ አለ። አንዱ ርዝመቱም ፊደሉም ልክ ያንኑ የሆነውን ብቻ ያመጣል። ሁለተኛው የእርስዎን ፊደል በውስጡ የያዘውን ሁሉ ያመጣል። ሦስተኛው የቤተሰብ ፍለጋ ይባላል፤ በጠባይ የሚቀራረቡ አሚኖ አሲዶች ቢተካኩ ይቀበላል። ለምሳሌ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊንና ሜታዮኒን እንደ አንድ ቤተሰብ ይታያሉ። ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ጠቃሚ መሣሪያ ነው። አጭር ፔፕታይድ ሲሆን ከብላስት የተሻለ ሊሠራ ይችላል።

ስለ ቁጥሩ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። የካስ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ ማረጋገጫ ነው። ከእሱ በፊት ያሉትን አሃዞች ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3 እያሉ ያባዙና ይደምሩ። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ከማረጋገጫው ጋር መግጠም አለበት። 11061-68-0ን እንሞክረው። 8፣ 12፣ 3፣ 24፣ 0፣ 6፣ 7 ሲደመር 60 ይመጣል። መጨረሻው 0 ነው፤ ገጠመ። ከሆነ ሰነድ የገለበጡት ቁጥር በዚህ ካላለፈ ከመፈለግዎ በፊት ይጣሉት።

ድክመቱ ዋጋው ነው። የተቋም ምዝገባ የሌለው ሰው በቀላሉ አይገባበትም። ካስ በነፃ የከፈተው ኮመን ኬሚስትሪ የሚባል ገጽ አለ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የተለመዱ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። ስምና ቁጥር ለማመሳከር በጣም ጥሩ ነው። ቅደም ተከተል ለመፈለግ ግን አልተሠራም።

ፐብኬም፦ ነፃና ጎበዝ፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው

ፐብኬምን እ.ኤ.አ. በ2004 የከፈተው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ውሁዶች አሉት። ሦስት ክፍሎች እንዳሉት ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ላኪዎች እንዳስገቡት የተቀመጠበት ነው። ሁለተኛው ተጣርቶና ተዋህዶ አንድ መዋቅር አንድ ቁጥር የሚያገኝበት ነው። ሦስተኛው የሙከራ ውጤቶች ያሉበት ነው። የዘረ መልና የፕሮቲን ገጾችም አሉት። በፕሮቲን ስም ገብተው በዚያ ፕሮቲን ላይ የተሞከሩትን ውሁዶች ማየት ይችላሉ። ለፔፕታይዶች ከመዋቅሩ ጎን ቅደም ተከተሉን በአጭር ጽሑፍ ያስቀምጣል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ወጥመዱ የተመሳሳይነት ፍለጋው ላይ ነው። ፐብኬም የሁለት ሞለኪውሎችን መመሳሰል የሚለካው በ881 የአዎ ወይም አይደለም ጥያቄዎች ነው። እንዲህ ያለ ቀለበት አለው ወይ? ናይትሮጅን ከካርቦን አጠገብ አለ ወይ? ለትንሽ የመድኃኒት ሞለኪውል ዘዴው ግሩም ነው። ለፔፕታይድ ግን ይፈርሳል። ፔፕታይድ ሁሉ ጀርባው አንድ ነው። 10 ወይም 15 አሚኖ አሲድ የያዘ ፔፕታይድ አብዛኞቹን ጥያቄዎች አዎ ብሎ ይጨርሳል። የአሚኖ አሲዶቹ ተራ ተገለባብጦም መልሱ ብዙ አይቀየርም። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያሏቸው ፊደሎች አንድ ስለሆኑ ብቻ ትርጉማቸውም አንድ ነው እንደማለት ይሆናል። ስለዚህ ለፔፕታይድ 95 በመቶ ተመሳሳይ የሚል ውጤት ቢያዩ፣ ቅደም ተከተሉን በዓይንዎ ሳያስተያዩ አይመኑት።

ላይስፕሮ የሚባለውን የኢንሱሊን ዓይነት ይመልከቱ። ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው በሁለተኛው ሰንሰለት 28ኛና 29ኛ ቦታ ላይ ነው። በተፈጥሮው ፕሮሊን ቀድሞ ላይሲን ይከተላል። በላይስፕሮ ቦታ ተቀያይረዋል። የኬሚካል ቀመራቸው አንድ ነው። ክብደታቸው አንድ ነው። በቀመር ቢፈልጉ ሁለቱም ይመጣሉ። በሰውነት ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። ላይስፕሮ ቶሎ ይሠራል፤ ሞለኪውሎቹ እንደ ተፈጥሮው ኢንሱሊን አጥብቀው አይያያዙምና። ይህን ልዩነት የሚያሳየው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። 133107-64-9 የሚል የራሱ የካስ ቁጥር ያገኘውም ለዚህ ነው።

ጂንባንክና ዩኒፕሮት

ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። ጂንባንክ እ.ኤ.አ. በ1982 ተጀመረ። በአውሮፓና በጃፓን እህት ተቋማት አሉት። ሦስቱ መዝገባቸውን በየቀኑ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንዱን ፈልጎ ያጣ ሰው ሌሎቹን በመፈተሽ ብዙ አያተርፍም፤ የሚመርጠው ገጹ የተመቸውን ነው። ጥሬ ዲኤንኤ ለሚፈልግ፣ የአንድን ቫይረስ ዝርያዎች ለሚያነጻጽር ወይም ለፒሲአር ፕራይመር ለሚነድፍ ሰው ቦታው ይህ ነው። ኬሚካል ዳታቤዝ ውስጥ ጊዜዎን አያባክኑ።

ለፕሮቲን ከሆነ ግን ምርጫዬ ያለ ማመንታት ዩኒፕሮት ነው። ሁለት ክፍል አለው። ትንሹ ስዊስፕሮት ይባላል። ባለሙያ አንብቦ ያረጋገጣቸውን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፕሮቲኖች ይዟል። ትልቁ በኮምፒውተር የተሞላ ነው። አንድን መዝገብ ከመጥቀስዎ በፊት ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ይዩ። ምልክቱ በገጹ አናት ላይ አለ።

የዩኒፕሮት ጥንካሬ ፊደሉ ብቻ አይደለም። የትኛው ክፍል እንደሚቆረጥ፣ የትኞቹ ሲስቲኖች በሰልፈር እንደሚያያዙ፣ ስኳር የት ላይ እንደሚለጠፍ ቦታውን በቁጥር ያስቀምጣል። መጀመሪያ ላይ ያየነውን የኢንሱሊኑን ገጽ፣ ፒ01308ን፣ ከፍተው ወደ ታች ቢወርዱ፣ ከ25 እስከ 54 ያለው አንዱ ሰንሰለት፣ ከ90 እስከ 110 ያለው ሌላው ሰንሰለት መሆኑን ያያሉ። መጀመሪያ ላይ ያነሣነው መደናገር እዚያው ይፈታል። ብዙ ሰው ግን ፊደሉን ገልብጦ ይወጣል። ያሳዝናል፤ ዋናው ሀብት ከታች ነው ያለው።

አጭር ፔፕታይድ ይዘው ከየትኛው ፕሮቲን እንደተቆረጠ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ፣ ዩኒፕሮት ልክ ያንኑ ፊደል የያዙ ፕሮቲኖችን የሚያወጣ የፔፕታይድ ፍለጋ አለው።

ፊደል የማይበቃበት ቦታ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሰናል። የዛሬ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ተፈጥሮን መነሻ አድርገው በኬሚስት እጅ የተቀየሩ ናቸው። እነዚህን በ20 ፊደል መጻፍ አይቻልም።

ለስኳር በሽታና ለውፍረት የሚሰጠውን ሴማግሉታይድን እንውሰድ። 31 አሚኖ አሲድ አለው። መነሻው በአንጀት የሚመረት የሰው ሆርሞን ነው። ከሆርሞኑ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ከፊት ሁለተኛው ቦታ ላይ የነበረው አላኒን ሜቲል ተጨምሮበት ከ20ዎቹ ውጪ የሆነ አሚኖ አሲድ ሆኗል። ወደ መጨረሻ ያለው አንድ ላይሲን በአርጂኒን ተተክቷል። መሃል ያለው ላይሲን ላይ ደግሞ ረጅም የስብ አሲድ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ይህ ሰንሰለት በደም ውስጥ ያለውን አልቡሚን ይይዛል። በመርፌ የሚሰጠው ዓይነት በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሞለኪውል በተራ ፊደል ሲጽፉት ምን ይሆናል? ያልተለመደው አሚኖ አሲድ ወይ ያልታወቀ ተብሎ ይጻፋል፣ ወይ ተራ አላኒን ይሆናል። የስብ ሰንሰለቱ ጭራሽ ይጠፋል። መድኃኒቱን መድኃኒት ያደረገው ነገር ከጽሑፉ ወጣ ማለት ነው። ያንን ፊደል ይዘው ዩኒፕሮት ላይ ብላስት ቢያደርጉ የሚያገኙት እናቱን ነው። ፒ01275 የሚባለውን፣ 180 አሚኖ አሲድ ያለውን የሰው ፕሮቲን። መድኃኒቱን ራሱን አያገኙም። እዚያ የለም። ዩኒፕሮት የተፈጥሮን ፕሮቲን ነው የሚመዘግበው። ሴማግሉታይድ በካስ 910463-68-2 ሆኖ ይገኛል፤ በፐብኬምም ሙሉ መዋቅሩ አለ።

ኑሲነርሰንም እንዲሁ። 18 ኑክሊዮታይድ ያለው፣ ለአከርካሪ የጡንቻ መመንመን በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እያንዳንዱ ስኳር ተቀይሯል። በስኳሮቹ መካከል ያለው ፎስፌትም ኦክስጅኑ በሰልፈር ተተክቷል። ፊደሎቹን ብቻ ወስደው በሰው ጂኖም ላይ ብላስት ቢያደርጉ፣ የሚያርፍበትን ቦታ ያሳይዎታል። ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ሞለኪውሉ ምን እንደሆነ ግን አይነግርዎትም። የት እንደሚሠራ የቅደም ተከተል ዳታቤዝ ይመልሳል። ምን እንደሆነ የኬሚካል ዳታቤዝ ይመልሳል። ለእንዲህ ያለ ሞለኪውል ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሄልም የሚባል የአጻጻፍ ስልት ተፈጥሯል። ፋይዘር ውስጥ ተጀምሮ በኋላ ለሁሉም ክፍት ሆነ። እያንዳንዱ የተቀየረ አሚኖ አሲድ ወይም ኑክሊዮታይድ የራሱ ስም ይኖረዋል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘም ይጻፋል። ፐብኬምና ኬምብል የሚባለው ነፃ የመድኃኒት ውሁዶች ዳታቤዝ ይጠቀሙበታል። ከተቀየሩ ፔፕታይዶች ጋር የሚውሉ ከሆነ መማሩ ዋጋ አለው።

ሁለት የተረሱ ነፃ ምንጮች

ፍለጋዎ የታወቀ መድኃኒት ከሆነ፣ ክፍያ ከማሰብዎ በፊት እነዚህን ሁለቱን ይዩ።

የመጀመሪያው ጂኤስአርኤስ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ንጥረ ነገሮችን የሚመዘግብበት ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ ባለ 10 ፊደልና ቁጥር መለያ ይሰጣል። የወደድኩለት ነገር ፕሮቲንን እንደ ፕሮቲን፣ ኑክሊክ አሲድን እንደ ኑክሊክ አሲድ መያዙ ነው። ሰንሰለቶቹን ለየብቻ፣ የሰልፈር ማያያዣዎቹን በቦታቸው፣ ቅየራዎቹን በዝርዝር ያስቀምጣል። በቅደም ተከተል መፈለግም ይቻላል። ኬሚስቱና ባዮሎጂስቱ አንድ ገጽ ላይ የተገናኙበት ቦታ ካለ ይህ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው የመድኃኒት መጠሪያ ስሞች ዝርዝር ነው። አዲስ ስም ለፕሮቲን መድኃኒት ሲታጭ ሙሉ ቅደም ተከተሉ አብሮ ይታተማል። ስኳር የሚለጠፍበት ቦታ፣ የካስ ቁጥሩም ጭምር። ለፀረ እንግዳ አካል መድኃኒቶች ከዚህ የሚታመን ነፃ ምንጭ ማግኘት ይከብዳል። የታተመ ሰነድ ስለሆነ ብላስት አይሠራበትም፤ ስሙን ማወቅ አለብዎ። ስሙን ካወቁ ግን ፊደሉን ከዚያ ወስደው ሌላ ቦታ ይፈልጉበታል።

የኢንዛይም ሥራ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ማለትም ፍጥነቱ፣ የሚሠራበት ሙቀት፣ የሚያግደው ነገር፣ ብሬንዳ ይበቃዎታል። አንድ ውሁድ በአንድ ፕሮቲን ላይ ምን ያህል ይሠራል ለሚል ጥያቄ ኬምብል አለ። የሜታቦሊዝም መንገድ ለማየት ኬግ አለ። ሦስቱም ወደ ዩኒፕሮት ያገናኛሉ።

ፓተንት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል

በፓተንት ውስጥ ያለ ቅደም ተከተል ሁሉ መጽሔት ላይ አይወጣም። ስለዚህ አዲስ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፓተንቶችን ሳያይ መልስ የለውም።

በነፃ ሁለት መንገድ አለ። የጂንባንክ ብላስት ገጽ ላይ ዳታቤዙን ወደ ፓተንት ቅደም ተከተሎች መቀየር ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ አያየውም። ሌላው ሌንስ በሚባለው የፓተንት ፍለጋ ገጽ ውስጥ ያለው ፓትሴክ ነው። ለመጀመሪያ ዳሰሳ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የሁሉም ሀገር ሰነድ ግን አይገኝባቸውም።

የሚከፈልባቸው ካስና ጂንሴክ የሚባለው የፓተንት ቅደም ተከተሎች ዳታቤዝ ናቸው። የሁለቱም ሽፋን ይለያያል፤ የሚመርጡት ሰነድና ፊደሉን የሚያስገቡበት መመሪያ አንድ አይደለም። ገንዘብና ሕግ ያለበት ውሳኔ ከሆነ፣ ለምሳሌ ምርት ገበያ ከማውጣት በፊት፣ አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም እላለሁ። ሁለቱንም የሚያውቅ ባለሙያ ይቅጠሩ። እዚህ ላይ መቆጠብ ኋላ ያስከፍላል።

የሕጉ ወሰንም ይታወቅ። ከጁላይ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፓተንት የሚቀርብ የቅደም ተከተል ዝርዝር ኤስቲ 26 በሚባል መስፈርት መዘጋጀት አለበት። በዚህ መስፈርት ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ቢያንስ 10 ኑክሊዮታይድ ወይም 4 አሚኖ አሲድ በግልጽ የተለየበት ቅደም ተከተል ነው። ከዚያ ያነሰው በዝርዝሩ አይታይም። ሦስት አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ለሚፈልግ ሰው የፊደል ፍለጋ ጨርሶ አይሆንም። በኬሚካል መዋቅር ነው የሚፈልገው።

ልክ ያንኑ ፊደል ብቻ መፈለግም አይበቃም። ፓተንቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ቅደም ተከተል ጋር 90 በመቶ የሚመሳሰል ሁሉ የእኔ ነው ይላሉ። የእርስዎ ሞለኪውል በሁለት ፊደል ስለተለየ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ግድ ይላል። ገና ያልታተመ፣ ምስጢር የሆነ ቅደም ተከተል ካለዎ፣ በሕዝብ ገጽ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ከተቋምዎ ጋር ይነጋገሩ። ብላስትን አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ማስኬድ ይቻላል። ዳታቤዙም አብሮ ይወርዳል።

ብላስት ሲያደርጉ

ብላስት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ መሣሪያ ነው። ዛሬ ካስም ጂንባንክም ዩኒፕሮትም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ውጤቱን ማንበብ አንዴ ከተማሩ የትም ይጠቅምዎታል።

ጥያቄዎ ስለ ፕሮቲን ከሆነ በፕሮቲን ፊደል ይፈልጉ፣ በዲኤንኤ አይፈልጉ። 20 አሚኖ አሲዶችን የሚጽፉ 61 የሦስት ፊደል ኮዶች አሉ። አንድ ፕሮቲን በብዙ ዓይነት ዲኤንኤ ሊጻፍ ይችላል። በተለይ ፓተንት ውስጥ፣ ለባክቴሪያ ወይም ለእርሾ እንዲመች ኮዱ የተቀየረ ዘረ መል ብዙ ነው። በዲኤንኤ ቢፈልጉት ያመልጥዎታል። በፕሮቲን ቢፈልጉት ወዲያው ይገኛል።

አጭር ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ከ30 ፊደል በታች እንበል፣ የአጭር ፍለጋ ማስተካከያውን ይምረጡ። ካልሆነ ምንም አልተገኘም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ነገሩ ግን እዚያው አለ።

የኢ ዋጋ የሚባለውን ቁጥር ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው ወስደው አያወዳድሩ። ይህ ቁጥር እንዲህ ያለ መመሳሰል በአጋጣሚ ስንት ጊዜ ይመጣል የሚለውን ይገምታል። ዳታቤዙ በሰፋ ቁጥር አጋጣሚውም ይበዛል። ስለዚህ ያው ግጥሚያ በትንሽ ዳታቤዝ ጥሩ፣ በትልቅ ዳታቤዝ ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሊወዳደር የሚችለው የሚመሳሰለው ፊደል በመቶ ስንት እንደሆነና ከእርስዎ ቅደም ተከተል ምን ያህሉን እንደሸፈነ ነው። 100 በመቶ የሚመሳሰል፣ ግን ሩቡን ብቻ የሸፈነ ውጤት ብዙ ሰው አሳስቷል።

በየትኛው ይጀመር

የተፈጥሮ ፕሮቲን ከሆነ ዩኒፕሮት። የተፈጥሮ ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ከሆነ ጂንባንክ። የታወቀ መድኃኒት ከሆነ ጂኤስአርኤስ፣ ከዚያ ፐብኬም። በኬሚካል የተቀየረ ፔፕታይድ ወይም ኑክሊክ አሲድ ሆኖ ያልታወቀ ከሆነ፣ ፐብኬምና ኬምብል ላይ ሞክረው ካጡት ካስ ያስፈልግዎታል። ለዚህኛው ነፃ ምትክ አላየሁም። ፓተንት ከሆነ በነፃው ይዳስሱ፣ በሚከፈልበት ያረጋግጡ።

አንድ ዳታቤዝ ላይ አጣሁት ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ እስካሁን ግልጽ ይመስለኛል። ስለዚህ ያጡበትንም ይጻፉ። የት እንደፈለጉ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ማስተካከያ። የጂንባንክ ቁጥር፣ ወይም የዚያው ተቋም የተጣራ ስብስብ የሆነውን የሬፍሴክን ቁጥር ሲይዙ ከነጥቡ በኋላ ያለውን አሃዝ አይተዉ፤ ቅደም ተከተሉ በተስተካከለ ቁጥር እሱ ይጨምራል። ኤንፒ_000198 ብሎ መጻፍ ጎደሎ ነው፣ ኤንፒ_000198.1 ሙሉ ነው። ለዩኒፕሮት ደግሞ ዳታቤዙ የወጣበትን እትም አብረው ይያዙ።

ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ ቁጥሮቹን ከመለጠፍዎ በፊት ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት። ኤክሴል አንዳንድ የካስ ቁጥሮችን ቀን መስለውት ይቀይራቸዋል። የዘረ መል ስሞችንም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ በዚህ የተነሣ የሰው ዘረ መል ስም የሚያወጣው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የወር ስም የሚመስሉትን ስሞች ራሳቸውን ቀየራቸው። የካስ ቁጥሮችን ግን ማንም አይቀይርልዎትም። ፋይሉን ከዘጉና ከከፈቱ በኋላ ጥቂት መስመሮችን በማረጋገጫ አሃዛቸው ይፈትሹ።